የልብ አልትራሳውንድ ቴክኖሎጂዎች ትክክለኛነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሐኪም ቤት በተለምዶ «ኢኮ» የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ከስሙ አንድ ምርመራ ይምሰል እንጂ በውስጡ ብዙ ቴክኖሎጂዎችን የያዘ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ኢኮ የታዘዘላቸው ታካሚዎች፣ አስታማሚዎቻቸውና በሙያው ጀማሪ የሆኑ ባለሙያዎች «የትኛው ይበልጥ ትክክል ነው?» እያሉ የሚያነሷቸው ናቸው። መልሱ ሁልጊዜ «ለየትኛው ጉዳይ?» በሚለው ላይ ስለሚወሰን፣ እያንዳንዱን ቴክኖሎጂ እንዲለካ ከሚፈለገው ነገር ጋር አያይዘን እናየዋለን።

የኢኮ ትክክለኛነት የሚታወቀው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው?

ማመሳከሪያው እንደ ጉዳዩ ይለያያል። ለልብ ክፍሎች ይዘትና ለልብ የመርጨት አቅም ማመሳከሪያ ሆኖ የሚወሰደው የልብ ኤም.አር.አይ. ነው፤ ምክንያቱም ኤም.አር.አይ. ልብን ከጫፍ እስከ ጫፍ በተደራረቡ ስስ ቁራጮች ስለሚያነሳ፣ ያልታየውን ቅርጽ በሒሳብ ግምት መሙላት አያስፈልገውም። ከቫልቭ በፊትና በኋላ ላለው የግፊት ልዩነት ማመሳከሪያው በደም ሥር ገብቶ ልብ ውስጥ የሚደርስ ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ ነው። በኢንፌክሽን ምክንያት ቫልቭ ላይ ለሚበቅል እባጭ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ልብን ከፍቶ በዓይኑ ያየው ነገር የመጨረሻው ዳኛ ነው።

ንጽጽሩ ሲነበብ ሁለት ዓይነት ስህተቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ሁለተኛው አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ይዋዥቃል። ሁልጊዜ ሩብ ኪሎ የሚያጎድል ሚዛን ያለው ሰው ልጁ በየወሩ ክብደት መጨመሩን ወይም መቀነሱን በትክክል ማወቅ ይችላል፤ በመዘነ ቁጥር የተለያየ ቁጥር የሚሰጥ ሚዛን ያለው ግን ምንም አያውቅም። ለዓመታት ክትትል የሚያደርግ የልብ ሕመምተኛን ይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ የማስታወቂያ ጽሑፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ማሽኑ አዲስና ውድ ከሆነ ውጤቱ የግድ ትክክል ይሆናል?

አይሆንም። ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1540 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በዚህ ፍጥነት 2.5 ሜጋኸርትዝ የሆነ ሞገድ ርዝመቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል፣ 5 ሜጋኸርትዝ የሆነው ደግሞ ግማሹን ያህል ነው። ከሞገዱ ርዝመት ያነሰ ነገር ለይቶ ማየት አይቻልም፤ ሞገዱ ባጠረ መጠን ምስሉ ይጠራል፣ ነገር ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ የመግባት ኃይሉ ይቀንሳል። ሳንባና የጎድን አጥንት ደግሞ ሞገዱን ስለሚከለክሉ፣ ምርመራው የሚካሄደው በአጥንቶቹ መካከል ባሉ ጠባብ ክፍተቶች ነው። ሰውነቱ ወፍራም የሆነ ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ታካሚ በማንኛውም ማሽን ምስሉ ደካማ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ነገር ሁሉ ለሁሉም ልኬት አይጠቅምም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየማሽኑ የገባው የሃርሞኒክ ምስል (ከተላከው ሞገድ ድግግሞሽ እጥፍ በሆነው ነጸብራቅ የሚሠራው) የልብን ግድግዳ በጣም ያጠራል፤ ነገር ግን የቫልቭ ቅጠሎችን ከእውነተኛ ውፍረታቸው በላይ አወፍሮ ያሳያል። ስለዚህም የዓለም የልብ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም (በጉሮሮ ኢንፌክሽን መዘዝ የልብ ቫልቮችን የሚጎዳው ሕመም) መስፈርት የቫልቭ ውፍረት ሲለካ ሃርሞኒኩ እንዲጠፋ ወይም ዝቅ እንዲል ይመክራል። በልጆች ላይ «ወፍሯል» ለማለት የተቀመጠው ልክ 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አንዲት ቁልፍ ሳትጠፋ በመቅረቷ ጤነኛ ልጅ ሕመምተኛ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ኤም-ሞድ የሚባለው የቀድሞው ዘዴ ዛሬም ያገለግላል?

ለአንዳንድ ነገሮች አዎን። ኤም-ሞድ ልብን በአንዲት መስመር ብቻ ስለሚያይ በሰከንድ ከሺህ በላይ ናሙና መውሰድ ይችላል፤ የቫልቭን ፈጣን እንቅስቃሴና የቀኙን ቬንትሪክል (ደም የሚረጨውን የታችኛውን የልብ ክፍል) ወደ ታች የመሳብ እንቅስቃሴ ለመለካት እስካሁን የተመረጠ ነው። የልብን የመርጨት አቅም ለማስላት ግን ሊታመን አይገባም። ከአንዲት መስመር ተነስቶ የሙሉውን ልብ ይዘት የሚያሰላው ቀመር፣ ልብ በሁሉም በኩል እኩል እንደሚኮማተር ይገምታልና፤ የልብ ደም ሥር ተዘግቶበት አንዱ የልብ ግድግዳ የሞተበት ሰው ላይ መስመሩ በጤነኛው ግድግዳ ካለፈ ውጤቱ መልካም መስሎ ይወጣል። በሪፖርት ላይ «ታይክሆልዝ» የሚል ቃል ከኢ.ኤፍ. (የመርጨት አቅሙ ቁጥር) ጎን ካዩ፣ የተሠራበት ዘዴ ይህ ነው።

ኢ.ኤፍ. ለመለካት ቱ-ዲ ይሻላል ወይስ ስሪ-ዲ?

ቱ-ዲ የልብን አንድ ጠፍጣፋ ገጽ፣ ስሪ-ዲ ደግሞ ሙሉ ቅርጹን የሚያሳይ ምስል ነው። ኢጀክሽን ፍራክሽን፣ ባጭሩ ኢ.ኤፍ.፣ ግራው ቬንትሪክል ሲሞላ ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት የሚረጨው ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካና የአውሮፓ የኢኮ ማኅበራት በጋራ ባወጡት መመሪያ መሠረት በቱ-ዲ ሲለካ ለወንዶች ከ52 እስከ 72 በመቶ፣ ለሴቶች ከ54 እስከ 74 በመቶ ጤናማ ነው።

በቱ-ዲ የተመረጠው ዘዴ ሲምፕሰን ይባላል። ባለሙያው ልብን ከጫፉ በኩል በሁለት አቅጣጫ ያነሳና የውስጡን ጠርዝ በመስመር ይከተላል፤ ማሽኑም ክፍሉን በተደራረቡ 20 ክቦች ከፋፍሎ ይዘቱን ያሰላል። ችግሩ የሚመጣው ፕሮቡ (ደረት ላይ የሚደገፈው የማሽኑ እጀታ) ትክክለኛው የልብ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ምስሉ ልብን አግድሞ ስለሚቆርጠው አጭርና ክብ ሆኖ ይታያል፤ ይዘቱም ያንሳል። ስሪ-ዲ መላውን ቬንትሪክል በአንድ ጊዜ ስለሚይዝና እውነተኛው ጫፍ በኋላ ከተቀረጸው ውስጥ ስለሚፈለግ ከዚህ ስህተት ይድናል።

ከኤም.አር.አይ. ጋር የተነጻጸሩ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ትንተና እንዳሳየው፣ ልብ ሞልቶ ሳለ ያለውን ይዘት ቱ-ዲ በአማካይ በ48 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲያሳንሰው ስሪ-ዲ በ19 ሚሊ ሊትር ገደማ ያሳንሰዋል። ስሪ-ዲም ቢሆን ከማሳነስ ነፃ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ የልብን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈኑትን ጥቃቅን የጡንቻ ዘንጎች ከክፍተቱ መለየት ለአልትራሳውንድ ይከብደዋል። ነገር ግን በኢ.ኤፍ. ላይ የሁለቱም አማካይ ስህተት ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር። ይህ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ እውነተኛው ይዘት 120 እና 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን ኢ.ኤፍ. 58 በመቶ ነው፤ ምስሉ ሁለቱንም በተመሳሳይ መጠን አሳንሶ 100 እና 42 ቢያደርጋቸውም መልሱ ያው 58 በመቶ ነው። አማካዩ ጥሩ ነው ማለት ግን የእያንዳንዱ ሰው ውጤት ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

የስሪ-ዲ እውነተኛ ጥቅም ጎልቶ የሚወጣው በክትትል ላይ ነው። ኬሞቴራፒ በሚወስዱ 56 ታካሚዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ልባቸው ሳይለወጥ በተለያየ ጊዜ በተደረገ ልኬት የቱ-ዲ ኢ.ኤፍ. በ10 ነጥብና ከዚያም በላይ ሲዋዥቅ የስሪ-ዲው ግን በ6 ነጥብ ገደማ ብቻ እንደሚዋዥቅ አሳይቷል። የካንሰር ሐኪሞች መድኃኒቱን ለማቆም ወይም ለመቀነስ የሚያስቡት ኢ.ኤፍ. በ10 ነጥብ ሲወርድ መሆኑን ስናስታውስ፣ በቱ-ዲ ብቻ የታየ አንድ ጊዜ መውረድ የመድኃኒቱ ጉዳት ይሁን የልኬቱ መዋዠቅ መለየት እንደሚያስቸግር እንረዳለን።

ታዲያ ስሪ-ዲ ካለ ሁሉም ሰው በስሪ-ዲ ቢታይስ?

ስሪ-ዲ ከደካማ ምስል ጥሩ ውጤት አያወጣም፤ ቱ-ዲው ካልጠራ ስሪ-ዲው ይብሳል። በሰከንድ የሚያነሳቸው ምስሎች ቁጥርም ያነሰ ነው። ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ የተከታታይ ምቶችን ምስል አገጣጥሞ ይሠራል፤ ታካሚው ትንፋሹን መያዝ ካልቻለ ወይም እንደ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለ የልብ ምት መዛባት ካለበት መገጣጠሚያው ይዛነፋል።

ስትሬን ከኢ.ኤፍ. ይበልጣል የሚባለው እውነት ነው?

ቀድሞ በማመልከት ረገድ እውነት ነው። ስትሬን የልብ ጡንቻ በአንድ ምት ውስጥ ከርዝመቱ ስንት በመቶ እንዳጠረ የሚለካ ሲሆን፣ በምስሉ ላይ ያሉትን የጡንቻ ነጠብጣቦች ከምስል ወደ ምስል እየተከተለ ይሠራል። ጤናማው አማካይ 20 በመቶ ገደማ ማጠር ነው፤ ማጠርን ስለሚያመለክት በአሉታዊ ምልክት ይጻፋል። ኢ.ኤፍ. ገና ሳይነካ ስትሬን ሊወርድ ስለሚችል፣ በኬሞቴራፒ ክትትል ከመነሻው በ15 በመቶ መውረዱ፣ ለምሳሌ ከ20 ወደ 17፣ እንደ ማስጠንቀቂያ ይታያል።

ድክመቱ የማሽን አምራቾች የየራሳቸውን ስሌት መጠቀማቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ተመሳሳይ ሰዎችን በተለያዩ አምራቾች ማሽኖች አስለክቶ በአማካይ ውጤታቸው መካከል እስከ 3.7 ነጥብ ልዩነት አግኝቷል። ይህ ልዩነት ከላይ ከጠቀስነው የማስጠንቀቂያ ልክ ይበልጣል። በአንድ ማሽን 20፣ በሌላ ማሽን 17 የወጣ ስትሬን ምንም ዓይነት መረጃ አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንድ ማሽን ላይ ግን የተለያዩ ባለሙያዎች ሲለኩት ከኢ.ኤፍ. ይልቅ ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል።

ዶፕለር ስህተት የሚሠራው የት ላይ ነው?

ዶፕለር የደምን ፍጥነት ይለካል፤ ግፊቱን የምናገኘው በስሌት ነው። ቀመሩ አጭር ነው፦ በሜትር በሰከንድ የተለካው ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ እንደገና በአራት ይባዛል። ደም በጠበበ የአኦርቲክ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት ቫልቭ) በሰከንድ በ4 ሜትር ቢወረወር የግፊቱ ልዩነት 64 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ከዚህ ፍጥነት ጀምሮ ያለው መጥበብ ከባድ ይባላል።

የመጀመሪያው ስህተት ከማዕዘን ይመጣል። የድምፁ ጨረር ከደሙ አቅጣጫ ጋር ካልተስተካከለ ፍጥነቱ ሁልጊዜ ያንሳል፣ በዚህ ምክንያት አይበልጥም። 20 ዲግሪ ቢዛነፍ ፍጥነቱ በ6 በመቶ ይቀንሳል፤ 30 ዲግሪ ቢዛነፍ ግን እውነተኛው 4.2 ሜትር የሆነ ፍጥነት 3.6 ሜትር ሆኖ ይነበባል፤ ከ70 በላይ የነበረው ግፊትም ወደ 52 ይወርዳል። ከባድ የነበረው ሕመም በወረቀት ላይ መካከለኛ ሆነ ማለት ነው። ጠንቃቃ ባለሙያ አኦርቲክ ቫልቭን ከልብ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ከቀኝ ደረትና ከአንገት ሥርም በትንሿ ምስል አልባ ፕሮብ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ይህች ፕሮብ ርካሽና እዚህ ግባ የማትባል ትመስላለች፤ ነገር ግን ከብዙ ስሪ-ዲ ይልቅ የታካሚን ዕጣ የምትለውጥበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ስህተት ከስፋት ስሌት ይመጣል። የቫልቩን ቀዳዳ ስፋት ለማግኘት ከቫልቩ በታች ያለው የደም መውጫ ዲያሜትር ይለካና በራሱ ይባዛል። እዚህ ላይ የሁለት ሚሊ ሜትር ስህተት ምን እንደሚያደርግ እንይ። ዲያሜትሩ 2.0 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የመውጫው ስፋት 3.14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 1.8 ተብሎ ቢለካ 2.54 ይሆናል። በመውጫውና በቫልቩ ላይ የተለካው የደም ፍሰት ንጽጽር (የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል) 0.35 ቢሆን፣ የቫልቩ ቀዳዳ በመጀመሪያው ልኬት 1.1፣ በሁለተኛው 0.89 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይወጣል። የከባድ መጥበብ ወሰን 1.0 ስለሆነ፣ በስክሪኑ ላይ ከእህል ፍሬ በማትበልጥ ርቀት ታካሚው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ተሻገረ። ከዚህም በላይ መውጫው በአብዛኛው ሰው ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን ሲቲ ስካንና ስሪ-ዲ አሳይተዋል፤ እንደ ክብ የሚያሰላው ቱ-ዲ ብዙ ጊዜ ስፋቱን ያሳንሰዋል። ስለዚህ ፍጥነቱ፣ አማካይ ግፊቱና ስፋቱ የማይስማሙበት ሪፖርት ሲገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ዲያሜትሩ ነው።

በሩማቲክ ሕመም የጠበበን ማይትራል ቫልቭ ለመለካት የትኛው ዘዴ ይታመናል?

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ታካሚዎች ከሁሉም ይቀርባል። ማይትራል ቫልቭ የልብን የላይኛውን የግራ ክፍል (ግራ ኤትሪየም) ከግራው ቬንትሪክል የሚለይ በር ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን የተካሄደው ሬሜዲ የተባለው ጥናት የሩማቲክ የልብ ሕመምተኞች መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት መሆኑን አሳይቷል፤ ማለትም ሕመሙ የሚይዘው ሠርቶ የሚያድረውንና ልጅ የምትወልደውን ነው። እግረ መንገዳችንን፣ ኢኮ ራሱ የተወለደው ከዚሁ ሕመም ነው። ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ሄርትዝ እ.ኤ.አ. በ1953 በስዊድኗ ሉንድ ከተማ፣ ለብረት ፍተሻ በተሠራ የአልትራሳውንድ መሣሪያ የልብን እንቅስቃሴ ሲቀርጹ፣ ሐኪሙ ኤድለር ይፈልግ የነበረው ማይትራል ቫልቭን ከቀዶ ሕክምና በፊት ለማየት ነበር።

ዛሬ በዋናነት ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ቀዳዳውን በምስል ላይ በመስመር ዞሮ መለካት ነው። በቱ-ዲ ሲሠራ ምስሉ በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ በትክክል ካላረፈ ችግር ይፈጠራል፤ የሩማቲክ ማይትራል ቫልቭ እንደ ማጥለያ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ የተቆረጠ ምስል ቀዳዳውን ሰፊ ያስመስለዋል። ስሪ-ዲ የጠበበውን ደረጃ ከተቀረጸው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ስለሚያስችል እዚህ ላይ ያለጥርጥር ይበልጣል፤ በተለይ ልምዱ አነስተኛ በሆነ ባለሙያ እጅ ልዩነቱ ይጎላል።

ሁለተኛው በኖርዌይ ሊቭ ሃትለ ያስፋፋችው የዶፕለር ዘዴ ነው። በቫልቩ ሁለት ወገን ያለው የግፊት ልዩነት ወደ ግማሽ እስኪወርድ የሚፈጀው ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይለካና 220 ለዚያ ቁጥር ይካፈላል። 220 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ ቀዳዳው 1.0 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 147 ከፈጀ 1.5 ይሆናል፣ ይህም የከባድ መጥበብ ወሰን ነው። ዘዴው ቀላልና በማንኛውም ዶፕለር ባለው ማሽን የሚሠራ ነው። ነገር ግን አኦርቲክ ቫልቭም የሚያፈስ ከሆነ ግራው ቬንትሪክል ከሁለት አቅጣጫ ስለሚሞላ ጊዜው ያጥራል፤ ቀዳዳውም ከእውነታው የሰፋ ይመስላል። በሩማቲክ ሕመም ሁለቱ ቫልቮች አብረው መጎዳታቸው የተለመደ ስለሆነ ይህ ወጥመድ ብርቅ አይደለም። ቫልቩ በፊኛ ከተከፈተ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናትም ይህ ዘዴ አይታመንም።

ሦስተኛው አማካይ የግፊት ልዩነት ነው፤ እሱም የልብ ምት ሲፈጥን ይጨምራል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ትኩሳት ያለባት ታካሚ ግፊቷ ከፍ ብሎ ቢገኝ ቫልቩ በድንገት ጠበበ ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ከግፊቱ ጎን የልብ ምቱ ካልተጻፈ ቁጥሩ ግማሽ ቁጥር ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ካለ ደግሞ የብዙ ምቶች አማካይ መወሰድ አለበት። እንደ እኛ እምነት ጥሩ ስሪ-ዲ በሌለበት ቦታ፣ በጥንቃቄ የተሠራ የቱ-ዲ ልኬትና ዶፕለር እርስ በርስ ከተስማሙ ወደ ሕክምና ለመሄድ በቂ ናቸው። ካልተስማሙ ምክንያቱ መፈለግ አለበት እንጂ የሁለቱ አማካይ ተወስዶ መታለፍ የለበትም።

በጉሮሮ በኩል የሚገባው ኢኮ በደረት ከሚሠራው ይበልጣል?

ለተወሰኑ ጉዳዮች እጅግ ይበልጣል። ፕሮቡ በምግብ ቧንቧ ውስጥ ሆኖ ከግራው ኤትሪየም ጀርባ ስለሚቀመጥ፣ በመካከል ሳንባም አጥንትም የለም፤ አጭር ሞገድ መጠቀምም ይቻላል። በአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. የ2015 መመሪያ እንደተገለጸው፣ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽንን በደረት የሚሠራው ኢኮ በተፈጥሮ ቫልቭ ላይ 70 በመቶ፣ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ 50 በመቶ ገደማ ሲይዘው፣ በጉሮሮ የሚሠራው 96 እና 92 በመቶ ይይዘዋል። የብረት ማይትራል ቫልቭ ያለው ሰው ትኩሳት አላቆም ካለው በደረት የተሠራ ኢኮ «ምንም አልታየም» ማለቱ አያጽናናም፤ ብረቱ የሚጥለው ጥላ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይጋርዳልና። በግራው ኤትሪየም ጓዳ ውስጥ የረጋ ደምም በደረት በኩል ብዙውን ጊዜ አይታይም፤ በጉሮሮ በኩል ግን የሚያመልጠው እምብዛም ነው።

የሚያንስባቸውም ቦታዎች አሉ። የልብ ጫፍ ከጉሮሮ ሩቅ ስለሆነ እዚያ የረጋ ደም ሊያመልጠው ይችላል፤ በአኦርቲክ ቫልቭ የሚያልፈውን ፍጥነት ለመለካትም ጨረሩን ማስተካከል ይከብዳል። ምርመራው ለሰዓታት መጾምንና ማደንዘዣ ወይም ማረጋጊያ መድኃኒትን ይጠይቃል፤ የመዋጥ ችግር ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት።

በደም ሥር የሚሰጠው የኢኮ ኮንትራስት ለውጥ ያመጣል?

ምስሉ ደካማ ሲሆን ያመጣል። በኮንትራስቱ ውስጥ ያሉት ከቀይ የደም ሕዋስ የማይበልጡ፣ በቀጭን ሽፋን የተያዙ የጋዝ አረፋዎች ናቸው፤ ከሲቲ ስካን ኮንትራስት በተለየ አዮዲን የላቸውም፣ ኩላሊትንም አይጎዱም። ተያይዘው ያሉ ሁለትና ከዚያ በላይ የግድግዳ ክፍሎች በማይታዩበት ጊዜ እንዲሰጥ ይመከራል። በግራው ቬንትሪክል ውስጥ የረጋን ደም ለመለየት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤም.አር.አይ. ጋር በተደረገ ንጽጽር፣ ተራው ኢኮ ከሦስት አንዱን ያህል ብቻ ሲይዝ ኮንትራስት ያለው ከአምስት ሦስቱን ያህል ይዟል።

በእጅ የሚያዘው ትንሹ ኢኮ ከትልቁ ማሽን ጋር ይወዳደራል?

በኪስ የሚገባ ኢኮ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ቪስካን የተባለው መሣሪያ ገበያ ላይ ሲወጣ ነው፤ ዛሬ ከስልክ ጋር የሚገናኙ እንደ በተርፍላይ ያሉ ብዙ ዓይነቶች አሉ። በልብ ዙሪያ ውሃ መቋጠሩን፣ ልብ በጣም መድከሙን ወይም በጣም መስፋቱን ለማየት አስተማማኝ ናቸው። ደረጃ ለመመደብ ግን ብዙዎቹ አይበቁም፤ የደም ፍሰትን በቀለም ቢያሳዩም ፍጥነቱን በግራፍ የሚለካ ዶፕለር ስለሌላቸው ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን የጨመሩ ሞዴሎች ወጥተዋል።

ለምሥራቅ አፍሪካ ወሳኙ ጥያቄ በትምህርት ቤት ለሚደረግ የሩማቲክ ቅኝት ያላቸው ብቃት ነው። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በእጅ የሚያዘው ኢኮ ከትልቁ ጋር ሲነጻጸር ከታመሙት ልጆች 90 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ፣ ከጤነኞቹ ደግሞ 93 በመቶ ያህሉን በትክክል እንደሚያልፍ አሳይቷል። ቁጥሮቹ ግሩም ይመስላሉ። ነገር ግን ከ1000 ተማሪዎች 20ዎቹ ሕመሙ አለባቸው ብለን እናስላ፦ መሣሪያው 18ቱን ይይዛል፤ ከ980 ጤነኞች ደግሞ ወደ 69 የሚሆኑትን በስህተት ይጠረጥራል። ከተጠረጠሩት 87 ልጆች በእርግጥ የታመሙት 18 ብቻ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ወንፊት እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የተጠረጠረ ልጅ ሁሉ ሙሉ ዶፕለር ባለው ማሽን ሳይታይ ለቤተሰቡ «ልጃችሁ የልብ ሕመምተኛ ነው» መባል የለበትም። የዓለም የልብ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ያሻሻለው መመሪያም የመጀመሪያውን ቅኝትና ማረጋገጫውን ለይቶ ያስቀመጠው ለዚህ ነው።

ትክክለኛነቱ ይህን ያህል የሚያስጨንቀው በሁለቱም በኩል ዋጋ ስላለው ነው። በሰሜን ኡጋንዳ በ818 ልጆች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጎል የተባለው ሙከራ፣ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ከወሰዱት በሁለት ዓመት ውስጥ 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 8.2 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸው እንደተባባሰ አረጋግጧል። ያመለጠው ልጅ ይህን መከላከያ ያጣል፤ በስህተት የተጠረጠረው ደግሞ ለዓመታት በየወሩ ያለምክንያት ይወጋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከባለሙያው ይበልጥ በትክክል ይለካል?

በኢ.ኤፍ. ልኬት ላይ ቢያንስ ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ ሙከራ፣ በ3,495 ምርመራዎች ላይ የመጀመሪያው የኢ.ኤፍ. ልኬት በእጣ ለባለሙያ ወይም ለኮምፒዩተር ተሰጠ፤ ማን እንደለካው ያልተነገራቸው የልብ ሐኪሞችም ልኬቱን አረሙት። ሐኪሞቹ የባለሙያውን ልኬት 27.2 በመቶ፣ የኮምፒዩተሩን 16.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ በጉልህ ቀይረዋል። ኮምፒዩተሩ የሚለካው ግን የተሰጠውን ምስል ነው፤ ጫፉ የተቆረጠ ልብ ከሰጡት እሱንም በልበ ሙሉነት ይለካዋል።

በሁለት ሆስፒታሎች የተሠራልኝ ኢኮ የተለያየ ውጤት ሰጠ፤ የትኛውን ልመን?

ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ታይተው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአሜሪካ ደግመው ከሚታዩ ወገኖች በብዛት ይመጣል፤ ውጭ አገር የተሠራው የግድ ትክክል ነው የሚል ግምትም አብሮት ይመጣል። ግምቱ መሠረት የለውም። በቱ-ዲ የተለካ 55 እና 50 በመቶ ኢ.ኤፍ. ምናልባት አንድ ዓይነት ልብ ነው። በመጀመሪያ መታየት ያለበት ሁለቱ ሪፖርቶች በአንድ ዘዴ የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ አንዱ በኤም-ሞድ፣ ሌላው በሲምፕሰን ከሆነ ልዩነቱ ከልብዎ ላይመጣ ይችላል።

ከዚያ የምርመራው ቀን ሁኔታ ይታያል። የሚያፈስ ማይትራል ቫልቭ የላይኛው የደም ግፊት 180 በሆነበት ቀን ከባድ፣ 120 በሆነበት ቀን መካከለኛ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ውሃ የሚያስወጣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የተሠሩ ኢኮዎችም እንዲሁ ይለያያሉ። በሪፖርቱ ላይ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ቁመትና ክብደት፣ የማሽኑ ዓይነትና የተለካበት ዘዴ እንዲሰፍር ይጠይቁ። ከወረቀቱ ይልቅ ተንቀሳቃሽ ምስሎቹን በሲዲ ወይም በፍላሽ መውሰድ ይጠቅማል፤ ሁለተኛው ሐኪም የፊተኛውን ምስል ራሱ ደግሞ ለክቶ ከአዲሱ ጎን ለጎን ማየት የሚችለው ምስሉ በእጁ ሲኖር ነው። ቀጣዩን ክትትል ከተቻለ በዚያው ተቋም፣ በዚያው ማሽን ያድርጉ።